ሚሊንግ ማሽን እስኪመጣ ቶርኖው ሥራ አይፍታ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ላይ ስለ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በየጊዜው የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት አነባለሁ። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ማሽን የለም፣ ማሽን ለማስገባት ደግሞ ገንዘብም የውጭ ምንዛሪም የለም፣ ስለዚህ ሥራው ቆሟል። ችግሩ እውነት ነው። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማሽን ዋጋው ለተራ ባለ ወርክሾፕ የሚቀመስ አልሆነም። ይሁን እንጂ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ቆቦ አንድ ትንሽ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚላጭ ማሽን) ይዘው ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ይህ የሚሊንግ ሥራ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ባለሙያዎች የሚያስቡትን ያህል እጃቸው የታሰረ አይደለም። በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቆርጠው ሚሊንግ ማሽን ከሚሠራው ሥራ ከፊሉን፣ ያውም በአካባቢያችን በብዛት የሚፈለገውን፣ በቶርኖው ላይ በሚገጠምና ከሞላ ጎደል በራሱ በቶርኖው በሚሠራ ተቀጥላ ማከናወን ይቻላል። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ነው።

ወሎ ውስጥ የቶርኖ ቤት ደንበኛ ማን ነው ቢባል ከሁሉ በፊት የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ ቀጥሎ በቦርከና ዳርቻና በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚያለማ ባለ ፓምፕ ገበሬ፣ ከዚያም ባለ ባጃጁና ባለ አይሱዙው ይመጣሉ። የሚያመጡት ዕቃ ይለያያል እንጂ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ፑሌጃው (ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ) ወይም ጥርሱ (ጥርሳም ጎማው) ከሻፍቱ፣ ማለትም ከሚዞረው ዘንግ፣ ጋር ተያይዞ እንዲዞር የሚያደርገው ኪ የሚባል ትንሽ ብረት ተበልቷል፣ የተቀመጠበት ቦይም ሰፍቷል። አዲስ ሻፍት መቅረጽ ለቶርኖ ቀላል ነው። አስቸጋሪው በሻፍቱ ገላ ላይ ልኩን የጠበቀ የኪ ቦይ ማውጣት ነው፤ ቶርኖ የሚዞረውን ነገር ክብ አድርጎ ለመላጨት እንጂ ቀጥ ያለ ቦይ ለመቆፈር አልተሠራምና። ልኩም ቀልድ የሚያውቅ አይደለም። ውፍረቱ ከ22 ሚሊ ሜትር በላይ እስከ 30 የሆነ ሻፍት በተለመደው የሜትሪክ ደረጃ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 7 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ኪ ይፈልጋል፤ ከዚህም 4 ሚሊ ሜትሩ ሻፍቱ ውስጥ ይገባል። ሻፍቱ ከ30 በላይ እስከ 38 ከሆነ ኪው 10 በ8፣ የቦዩ ጥልቀት ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቦዩ በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሰፋ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ኪው ግድግዳውን እየመታ ይበላዋል፤ ዕቃውም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ያለው አሠራር ከሁለት አንዱ ነው። ትጉሁ ባለሙያ ቦዩን አስምሮ፣ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ቀዳዳ ከቀዳዳ ደርድሮ፣ የቀረውን በመሮና በሞረድ ያወጣዋል፤ እጁ የሠለጠነ ከሆነ ጥሩ ይወጣለታል፣ ጊዜው ግን ያልቃል። የቸኮለው ደግሞ ኪውንም ቦዩንም ትቶ ፑሌጃውን ከሻፍቱ ጋር በብየዳ ያጣብቀዋል። ወፍጮው በዚያው ቀን ይነሣል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ነገ ኩሽኔታ መቀየር ሲያስፈልግ ግን ፑሌጃው አልወጣ ስለሚል በግራይንደር ይቆረጣል፤ ሻፍቱም ፑሌጃውም ለቆራሌው ሲሳይ ይሆናሉ። በዚህ ቦታ ላይ ብየዳ የሚጠቀም ሰው ደንበኛውን የጠቀመ መስሎት ዕዳ ያሸክመዋል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ከሁለቱ ውጭ ያለው አማራጭ ሻፍቱን ተሸክሞ ሚሊንግ ማሽን ያለው ዘንድ መሄድ ነው። የደሴው ሰው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ የመርሳው ወይም የቢስቲማው ሰው ግን ወፍጮውን ዘግቶ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት አንባቢ ይገምተው።

አሁን ወደ ተቀጥላው ልግባ። በሚሊንግ ማሽን ላይ የሚዞረው መቁረጫው ነው፤ ዕቃው በጠረጴዛ ላይ ታስሮ ይጓዛል። በቶርኖ ላይ ደግሞ ዕቃው ይዞራል፣ መቁረጫው ይጓዛል። የሚፈለገው እንግዲህ ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ ኢንድ ሚል የሚባለውን የሚሊንግ መቁረጫ በቶርኖው ስፒንድል (በሞተር በሚዞረው ዋና ዘንግ) ላይ ማሰር፣ ዕቃውን ደግሞ የቶርኖው መቁረጫ ይታሰርበት በነበረው ቦታ ማስቀመጥ። ቶርኖው አስቀድሞ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ መቁረጫውን የሚሸከመው ካሪጅ በአልጋው ላይ ወደ ስፒንድሉ ይጠጋል፣ ይርቃል፤ በካሪጁ ላይ ያለው ተንሸራታች፣ ክሮስ ስላይዱ፣ ደግሞ ወደ ሠራተኛው ይመጣል፣ ከሠራተኛው ይሸሻል። የሚጎድለው ዕቃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሦስተኛው ብቻ ነው። ተቀጥላው ማለትም በክሮስ ስላይዱ ላይ ቆሞ የሚታሰር፣ ዕቃውን ተሸክሞ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድ አንድ ስላይድ ነው።

ይህ ትናንት የተፈጠረ ብልሃት አይደለም። ማይፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ላቀረበው ኤምኤል 7 ለተሰኘው ትንሽ ቶርኖው እንዲህ ያለውን ቋሚ ስላይድ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በየቤታቸው ጓዳ ትንንሽ የእንፋሎት ሞተር የሚሠሩ እንግሊዛውያን ሚሊንግ ማሽን ሳይኖራቸው ሥራቸውን የጨረሱት በዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው። ፋብሪካ ራሱ ለትንሽ ቶርኖ ባለቤት ይበቃል ብሎ የሸጠውን ነገር እኛ የድሃ መላ ነው ብለን የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ለኪ ቦይ ብቻ ከሆነ እንዲያውም ቋሚ ስላይዱም ላያስፈልግ ይችላል። ሻፍቱ በክሮስ ስላይዱ ላይ የቶርኖውን አልጋ አቋርጦ ይተኛል፤ መሃሉ ከስፒንድሉ መሃል ጋር እኩል እንዲሆን ከሥሩ ልኩ የታወቀ ብረት ይነጠፍለታል፤ የቦዩ ጥልቀት በካሪጁ፣ ርዝመቱ በክሮስ ስላይዱ ይወጣል። ሻፍቱ አልጋውን አቋርጦ ስለሚተኛ የቱንም ያህል ቢረዝም አያግድም፤ የሚተርፈውን ጫፍ በላዩ እየተንሸራተተ ሊያልፍበት በሚችል ድጋፍ ማስደገፍ ብቻ ነው። መጀመር የሚፈራ ሰው ከዚህ ይጀምር። ስላይዱ ግድ የሚሆነው ለየዕቃው ከሥር የሚነጠፍ ብረት መፈለግ ሲያታክት፣ እንዲሁም ከመቁረጫው የሰፋ ጠፍጣፋ ገጽ ወይም ለቁልፍ መያዣ የሚሆን አራት ማዕዘን ጫፍ ማውጣት ሲያስፈልግ ነው።

ስላይዱን ለማግኘት አቋራጩ መንገድ ኮምፓውንድ የሚባለውን፣ በክሮስ ስላይዱ ላይ የተቀመጠውንና በፈለጉት ማዕዘን የሚዞረውን ትንሽ ስላይድ፣ ከቦታው ፈትቶ በዘጠና ዲግሪ ቅንፍ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ብሎኑ፣ ዳዶው፣ መስመር የተሰመረበት ቀለበቱ ሁሉ ተሠርተው አልቀዋል። የሚቀረው ቅንፉ ነው፤ ጉዱም ያለው ቅንፉ ላይ ነው። ብዙ ሰው አንግል ብረት ቆርጦ በያጅ ዘንድ ይወስዳል። የአንግል ብረት ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ መቁረጫው በመታው ቁጥር ይርገበገባል፣ የተቆረጠውም ገጽ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ተሸንትሮ ይወጣል። ቅንፉ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ተሠርቶ በመካከላቸው የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ሊገባ ይገባል፤ ከተጣለ አሮጌ ማሽን አካል የተቆረጠ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከተገኘ፣ ጊዛ ንዝረትን ስለሚውጥ፣ በብሎን ተያይዞ ከሁሉ ይሻላል። ብየዳ ብረት ያጣምማልና ገጾቹ የሚስተካከሉት ከብየዳው በኋላ ነው።

ገጽ ለማስተካከል ያው ሚሊንግ ማሽን ያስፈልግ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አያስፈልግም። የቅንፉ የታችኛው ገጽ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ (በስፒንድሉ ጫፍ ባለው ዕቃ መያዣ) ላይ ታስሮ በቶርኖው ይላጫል። ከዚያ ቅንፉ በክሮስ ስላይዱ ላይ በሥራ ጊዜ እንደሚሆነው ይታሰርና፣ አንድ ተራ የቶርኖ መቁረጫ በክብ ብረት ላይ በጎን ተሰክቶ በስፒንድሉ እንዲዞር ይደረጋል። ክሮስ ስላይዱ ቀስ ተብሎ ሲነዳ የሚዞረው መቁረጫ የቅንፉን ቋሚ ፊት ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይልጠዋል። በያጁ ቅንፉን ትንሽ አዘንብሎት ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ የተላጨ ፊት ከስፒንድሉ ጋር ማዕዘኑን ጠብቆ ይወጣል፤ ፊቱን የላጨው ነገ በዚያው ፊት ላይ የሚሠራው ስፒንድል ራሱ ነውና። ለማረጋገጥ ዳያል ኢንዲኬተር (ባለ መርፌ መለኪያ) ስፒንድሉ ላይ አስሮ በእጅ እያዞሩ ፊቱን ማስነካት ይበቃል። መርፌው በአንድ ሙሉ ዙር ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተንቀሳቀሰ ለወፍጮና ለፓምፕ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ኮምፓውንዱን በየጊዜው መፍታትና መመለስ የሰለቸው፣ ወይም ኮን ለመቅረጽ ዘወትር የሚፈልገው ሰው የራሱን ስላይድ ቢሠራ ይሻለዋል። የፋብሪካ ስላይዶች በብዛት ዳቭቴል በሚባለው ሰያፍ ጎድጓድ የሚያያዙ ናቸው፤ እሱን ለማውጣት ግን መጀመሪያውኑ ሚሊንግ ማሽን ሊኖር ነው። ስለዚህ በእጅ የሚሠራው ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጠፍጣፋ ብረቶች በብሎን ተደራርበው የተገነባ ይሁን። በአንዱ ጎን ቀጭን የነሐስ ጥፍጥፍ ገብቶ ከውጭ በኤም 5 (ባለ 5 ሚሊ ሜትር) ብሎኖችና በኮንትሮ ዳዶ (በመቆለፊያ ዳዶ) ይጨመቃል፤ ስላይዱ እያረጀ ሲላላ ብሎኖቹን ጥቂት ማጥበቅ ነው። የሚነካኩትን ገጾች ወፍራም መስታወት ላይ ስስ ቀለም ቀብቶ እያስነኩ ቀለም የያዘውን ከፍታ ብቻ መፋቅ ትዕግሥት እንጂ ማሽን አይጠይቅም።

የማንቀሳቀሻው ብሎን ኤም 10 ቢሆን አንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ቀለበቱ በ30 ከተከፈለ እያንዳንዱ መስመር 0.05 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ክብን በ30 እኩል መክፈል ከባድ ይመስላል። ግን ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ለማውጣት ከቶርኖው ጋር ከሚመጡት ጥርሳም ጎማዎች መካከል ባለ 60 ጥርሱ ካለ ሥራው አልቋል። ጥርሱ ከስፒንድሉ ጀርባ ይታሰራል፤ አንድ ሹል ብረት በጥርሶቹ መካከል እየገባ ስፒንድሉን እንዲቆልፍ ይደረጋል፤ ሁለት ሁለት ጥርስ እየታለፈ በቆመ ቁጥር የሾለ መቁረጫ ቀለበቱን አስነክቶ ካሪጁን በእጅ መግፋት አንድ መስመር ይጭራል። አምስተኛውን መስመር ረዘም፣ አሥረኛውን ደግሞ ከዚያም ረዘም ማድረግ ለዓይን ይረዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ ከመብራት መነቀል አለበት።

መቁረጫው እንዴት ይያዝ የሚለው ጥያቄ ከስላይዱ ያላነሰ ክብደት አለው፤ እንደ እኔ እምነት ከዚህ ተቀጥላ ጋር የሚያያዙ አብዛኞቹ ብልሽቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። ኢንድ ሚልን ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ውስጥ ሰክቶ መሥራት ተለምዷል፤ አልመክረውም። የኢንድ ሚሉ ስለቶች ጠመዝማዛ ስለሆኑ በቆረጡ ቁጥር መቁረጫውን ከመያዣው ወደ ውጭ ይስቡታል፤ የቻኩ መንጋጋ ደግሞ ጠንካራውንና ልሙጡን የመቁረጫ እግር ሁሌም አንቆ አይዘውም። ሠራተኛው ሳያውቅ ቦዩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየጠለቀ ይሄዳል። የትራፓኖ መንጋጋማ ከዚህም የባሰ ነው። ትክክለኛው መንገድ በስፒንድሉ ኮን ውስጥ የሚገባ መያዣ መጠቀም ነው፤ መቁረጫው በጎን በሚገባ ራስ አልባ ብሎን ይጠብቃል፣ መያዣው ደግሞ በስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ብሎን ከኋላ ይሳባል። የስፒንድሉ ኮን ልኩ ሞርስ ቁጥር 3 የሚባለው ከሆነ የመያዣው የኋላ ፊሌቶ ብዙ ጊዜ ኤም 12 ነው። ከኋላ የሚስበው ብሎን የግድ ነው፤ የሞርስ ኮን ለመቦርቦሪያ ብቻውን ይበቃል፣ በጎን ለሚገፋና ለሚነዝር ሥራ ግን ይለቃል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ተራ የሃይስፒድ ስቲል መቁረጫ ለስላሳ ብረትን በደቂቃ 25 ሜትር ያህል እንዲቆርጥ ከታሰበ፣ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው መቁረጫ ወደ 1000፣ 16 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ወደ 500 ዙር በደቂቃ ይዞራል። ለኪ ቦይ ባለ ሁለት ስለቱ ይመረጣል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ብረቱ መግባት ይችላል፣ ቦዩንም በልኩ ያወጣል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ለመጥለቅ መሞከር ትንሽ ቶርኖን ማስጨነቅ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በስምንት ጉዞ ቢወጣ ማንንም አያስቸኩልም። የማይንቀሳቀሰው ስላይድ ሁልጊዜ ተቆልፎ ይጠብቅ። ከጎን ሲላጭ ደግሞ ዕቃው መሄድ ያለበት የመቁረጫው ስለት ከሚገፋበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። በተመሳሳይ አቅጣጫ ከተነዳ በብሎኑና በዳዶው መካከል ባለው ልቅነት ምክንያት መቁረጫው ዕቃውን በድንገት ወደ ራሱ ይስበውና፣ መቁረጫው ካልተሰበረ ዕቃው ይዘላል። ጓንት አድርጎ በሚዞር መቁረጫ አጠገብ መሥራት ከባዶ እጅ ይልቅ አደገኛ መሆኑን፣ የዓይን መከላከያም ለታይታ የሚደረግ አለመሆኑን ለባለሙያ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለአዲስ ሠልጣኝ ግን መነገር አለበት።

ለትራፓኖ ተብሎ ገበያ ላይ የሚሸጠውን በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ርካሽ ሞርሳ ገዝቶ በቶርኖ ላይ የሚያስር ሰው አለ። ሲያዩት ሥራውን ያቀለለ ይመስላል። ስላይዶቹ ልቅ በመሆናቸው የኪ ቦይ ያህል ልክ አይጠብቅም፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት ወፍራም ሰሌዳ ቢገዛበት ይሻላል። ተቀጥላውም ቢሆን ሚሊንግ ማሽንን ፈጽሞ አይተካም። ጥርስ ለማውጣት የመከፋፈያ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ትልልቅ ዕቃ አይሸከምም፤ የትንሽ ቶርኖ ስፒንድል ኩሽኔታም ቀኑን ሙሉ በሚመታ ሥራ ሊጎዳ ይችላል። የፑሌጃውን የውስጥ ቦይ የሚያወጣውም ተቀጥላው አይደለም፤ ያ የሚሠራው ፑሌጃው ቻክ ላይ ተቆልፎ ሳይዞር፣ መቁረጫው በጎኑ ተኝቶ፣ ካሪጁ በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየተነዳ በእያንዳንዱ ምልልስ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር እየተፋቀ ነው። የሻፍቱን ቦይ በዚያ፣ የፑሌጃውን በዚህ ያወጣ ሰው የወፍጮ ቤቱን ችግር አንድ ቶርኖ ላይ ጨረሰ ማለት ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ በጋዜጣ ላይ እንዲወጣልኝ የምጠይቀው ነጠላ ባለሙያዎችን ብቻ በማሰብ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ሠልጣኞችን ለልምምድ ከሚያሠሯቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ክብ ብረት ተላጭቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ፊሌቶ ተበጅቶለት፣ ነጥብ ተሰጥቶበት ወደ ቁርጥራጭ ክምር የሚወረወሩ ናቸው። ብረቱም ድካሙም ያሳዝናል። አንድ ቋሚ ስላይድ ግን ገጽ መላጨትን፣ ቀዳዳ ማስፋትን፣ ፊሌቶን፣ ቀለበት መክፈልን፣ መፋቅንና በኢንዲኬተር መለካትን አንድ ላይ ያሠለጥናል፤ ሲያልቅም የሚያገለግል ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ የደሴው የወይዘሮ ስኂንና የኮምቦልቻው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም፣ በማሽን ሥራ ለሚሠለጥኑ ደረጃ 3ና ከዚያ በላይ ላሉ ሠልጣኞች ይህንን ሥራ እንዲሰጡ፣ የተሠራውም በብረቱ ዋጋ ብቻ ሠልጣኞቹ የትብብር ሥልጠና ለሚወስዱባቸው ወርክሾፖች እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ማሽኖቻቸውን አጥተው አንድ ትንሽ ቶርኖ ይዘው እንደገና ለተነሡ የደሴና የኮምቦልቻ ሥራ ቤቶች ቅድሚያ ቢሰጥ ተገቢ ይመስለኛል። ፈተናውም ግልጽ ይሁን፤ ስላይዱ በቶርኖ ላይ ተገጥሞ በ30 ሚሊ ሜትር ሻፍት ላይ 8 በ4 የሆነ ቦይ ያውጣ፣ ኪውም በእጅ ግፊት ሳይሆን በመዶሻ ቀላል ምት ይግባ።

ጋዜጣው ፈቃደኛ ከሆነ የስላይዱን ንድፍ ከነልኬቱ አዘጋጅቼ መላክ እችላለሁ። የቅንፉ መቀመጫ ልክ ግን በንድፉ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ የክሮስ ስላይድ ቀዳዳዎች አቀማመጥ ከቶርኖ ቶርኖ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ለክቶ ይሙላው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቶርኖ ባለሙያ
ከደሴ